አለሚቱ ስለ «ባይ» ጠየቀችኝ

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ ስል ዛሬም አንገቴን ትንሽ ደፋ አደርጋለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም፣ እፍረት ነው። ምክንያቱን ከሐሙስ እስከ ሰኞ የሆነውን አንድ በአንድ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም፤ እኔም ከመናገር ይልቅ መሸሽ የሚቀናኝ ሰው ስለሆንኩ ሳልሸሽ ልጀምር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ሐዋሳ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ካልነው። ዲግሪ አለኝ፣ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ያገኘሁት ሃንድአውት ሸምድጄ ነው። ፈተና ላይ ዘርግፌው እወጣለሁ፣ ከአዳራሹ አብሮኝ የሚወጣ ነገር የለም። ሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አከታትዬ ከተናገርኩ ጀርባዬን ያልበኝ ነበር።

ጉዴን የሸፈነልኝ ፕላዝማ ነው። ለማታስታውሱት፣ ፕላዝማ በብረት ሳጥን ታስሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። በአገሩ ያለ አሥረኛ ክፍል ሁሉ በዚያች ሰከንድ ያንኑ ያያል። አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትሰጥና ልጆቹ እስክሪብቷቸውን ሳያነሱ «ሰዓታችሁ አልቋል፣ በጣም ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። ማን ሠራ፣ ማን አልሠራ፣ ምን ገዷት። የክፍሉ መምህር ድርሻ ከፕሮግራሙ በፊት አምስት፣ በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ «ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ አደረጉን» እያሉ ያማርራሉ። እኔም አብሬ አማርራለሁ፤ በሆዴ ግን ያመጣውን ሰው እመርቃለሁ።

ያቺን አሥር ደቂቃ የማሳልፍበት ዘዴ ነበረኝ። ስም እየጎተትኩ እጠራለሁ። ደብተር እሰበስባለሁ። የሚጠይቅ ከተነሳ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰኞ እንመለስበታለን» እላለሁ፣ ሰኞ ሲመጣ እኔም ጥያቄውም የለንም። በክፍላችን የውጪ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። በየቀኑ በሥሩ አልፌ ነው የምገባው።

አለሚቱ ከበሩ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጥያቄዋ ግን የማያልቅ ልጅ ናት። ቤታቸው ታቦር ሰፈር ነው። እቤት የሚናገሩት ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛውን የለቀመችው ከትምህርት ቤትና ከጎረቤት ነው። ጥሩ አማርኛ ነው፣ አንዳንዴ ብቻ አንዷ ቃል እንደ ልብ አትታዘዝላትም። እንግሊዝኛ ለእሷ ሦስተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የተሰናከልኩት።

ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ የመጣ ሱፐርቫይዘር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጧል። የዓመቱ ሞዴል መምህር ሊመረጥ ነው፤ የኔም ስም ከሦስቱ አንዱ ነው። የዕለቱ ትምህርት «ባይ» የምትባለው ባለ ሁለት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነበር። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። መስኮት አጠገብ ተቀመጠ ለማለት እሷ፤ በአውቶቡስ መጣ ለማለት እሷ፤ ደብዳቤው በእገሌ ተጻፈ ለማለት እሷ፤ እስከ ዓርብ ጨርሱ ለማለት እሷ፤ አንድ በአንድ ግቡ ለማለትም እሷው። የስክሪኗ መምህርት ሁሉንም እንደ ቆሎ አፍሳ «በጣም ጎበዞች!» ብላን ሄደች።

አሥር ደቂቃ ቀረ። የስም መጥሪያውን ከማንሳቴ አለሚቱ እጇን አወጣች። ሱፐርቫይዘሩ ቀና አለ። እንዳላየ ማለፍ አልቻልኩም።

«እሺ፣ አለሚቱ።»

ቆመች። «ቲቸር፣ እኔ አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግኩኝ ነበር። በአውቶቡስ ሄድኩ ስንል ‹ባይ› ነው። በቢላዋ ቆረጥኩ ስንል ግን ‹ዊዝ› ነው። በእጅ የተሠራ ስንል ‹ባይ›፣ በእጄ ያዝኩት ስንል ‹ዊዝ›። አማርኛው ሁሉንም ‹በ› ነው የሚለው። እጅ ያው እጅ ነው። ለምንድነው የሚለያየው?»

አላወቅኩም። በቃ፣ አላወቅኩም። ጥያቄው ራሱ ከዚያ በፊት ወደ አእምሮዬ መጥቶ አያውቅም። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ጀርባዬን አላበኝ። እናም አፌ የማያውቀውን ትቶ ወደሚያውቀው ሮጠ።

«‹ፈለግኩኝ ነበር!›» አልኩ፣ ድምፅዋን አስመስዬ። «መጀመሪያ አማርኛውን አጥሪ እንጂ! ከገጠር ስትመጪ መንገድ ላይ ነው እንዴ የጣልሽው? አማርኛ ሳይዙ እንግሊዝኛ፤ ሳይቆሙ ሩጫ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እንደ እሷው አማርኛን ከሰፈር የለቀሙት ልጆች ነበሩ፤ ተራው የእነሱ ስላልሆነ መሰለኝ። አለሚቱ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ እስክሪብቶዋን ከደነች። ደወሉ ተደወለ። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «የክፍል አያያዝህ ግሩም ነው» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ዓርብ አለሚቱ አልመጣችም። ጉንፋን ይሆናል አልኩ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ የዴስክ ጓደኛዋ ሰናይት ደብተር ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ አለሚቱ ትምህርት በቃኝ ብላለች። ደብተሩን ስጪልኝ አለችኝ።»

«በቃኝ ማለት ምን ማለት ነው? የአሥረኛ ክፍል ፈተና ፎርም እኮ የሚዘጋው ሰኞ ነው!»

«አልሞላችም። ሰኞ ይርጋለም አክስቷ ጋ ትሄዳለች፣ ሱቅ ልትጠብቅ። አባቷም ‹ከከበደሽ ምን ይደረጋል› አሏት።»

ሰኞ ያን ፎርም ያልሞላ ዓመቱን አጣ። አንዴ ሱቅ የገባች ልጅ ደግሞ በዓመቱ ተመልሳ ዴስክ ላይ አትቀመጥም፤ ይህን ማንም መምህር ያውቀዋል።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩት። «ባይ»ን በሦስት ረድፍ ከፍላታለች፤ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎ። በየረድፉ በጥንቃቄ የተጻፉ ምሳሌዎች። ከኋላ በኩል «ለቲቸር ጥያቄዎች» የሚል ገጽ አለ። አሥራ አምስት ጥያቄዎች ናቸው፣ ከመስከረም ጀምሮ የተጠራቀሙ። በየጥያቄው ጎን ምክንያት ጽፋለች። «አልተመለሰም፣ ሰዓት አልቋል።» «አልተመለሰም፣ ሰዓት አልቋል።» «ቲቸር ራሱን አሞት ነበር።» እንዳሞኝ ያስመሰልኩበትን ቀን አስታወስኩት። በአንዱም ላይ «ቲቸር አያውቅም» አላለችም። ስድስት ወር ሙሉ ጥፋቴን በሰዓት ስታሳብብልኝ ኖራለች። አሥራ አምስተኛው የሐሙሱ ነው፤ ጎኑ ባዶ ነው።

ከገጹ ግርጌ ግን በእርሳስ የተጻፈ አሥራ ስድስተኛ አለ። ደብዘዝ ብሏል፣ የቆየ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸርን ማን ያስጠናዋል?»

በትምህርት ቤታችን ልጆች በጥናት ቡድን ይከፈሉ ነበር። ለደከመ ተማሪ ሁሉ የሚያስጠናው ጎበዝ ይመደብለታል። አለሚቱ ሦስት ልጆች ታስጠናለች። እንግዲህ ይህቺ ጥያቄ ስድብ አልነበረችም። እንደማላውቅ ከቆየ አውቃለች፤ አውቃም ያሳሰባት ሰው ያልተመደበልኝ መሆኑ ነበር። ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ ወንበር እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ታቦር ወጣሁ። ሰናይት በነገረችኝ ምልክት ቤቱን አገኘሁት። እናቷ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ወንበር አወጡልኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ የበቆሎ ቅቅል በሳህን አቀረቡልኝ። ከውስጥ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። አለሚቱ አልወጣችም።

«ይቅርታ፣ ቲቸር» አሉ እናቷ፣ ቃሉን እየመረጡ። «ልጅቷ እምቢ አለች። ድሮ እንዲህ አይደለችም። ትምህርቱ ከበደኝ ትላለች።»

አሁን ንገራት፣ አልኩ ለራሴ። አሁን። «ለፎርሙ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አለ አፌ።

«አባቷን ነገ ቸርች አግኘው። እሱ ከወሰነ ነው» አሉኝ። በቆሎውን ሳልቀምስ ብሄድ ቅር ይላቸዋል ብዬ ሁለት ፍሬ በላሁ።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። እስከዚያ እሑድ ድረስ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ገብቼ ከኋላ አግዳሚ ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰባኪ በአማርኛ ይሰብካል። አጠገቡ የቆመ ረጅም፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ወደ ሲዳሙ አፎ ይመልሳል። ጎኔ የተቀመጠውን ሰው የአለሚቱ አባት አቶ ዳንጊሶ የትኛው እንደሆኑ ጠየቅኩት። በአገጩ አስተርጓሚውን አመለከተኝ። በሥራ ቀን አናጢ ናቸው፣ እሑድ እሑድ አስተርጓሚ።

ሰባኪው ሞቅ ብሎታል። «ሕይወታችሁ ላይ ውሽንፍር ሲመጣ!» አለና ጠበቀ። አቶ ዳንጊሶ ወደ ሰባኪው ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«ወንድሜ፣ ቆይ። ይህቺን ቃል አላውቃትም። ውሽንፍር ምንድነው?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በድምፅ ማጉያ። ሰባኪው ስብከቱን አቁሞ «ዝናብና ነፋስ ተቀላቅለው ሲመቱ ነው» አለ። አቶ ዳንጊሶ ጥቂት አሰቡና ወደ ሕዝቡ ዞረው በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ተነስተው አንድ ቃል ሰጧቸው። አቶ ዳንጊሶ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ፣ ቃሉን ለሕዝቡ አሰሙ፣ ስብከቱ ቀጠለ። የሳቀ የለም። ዞር ብሎ ያየ እንኳ የለም። ጎኔ ያለው ሰው መደነቄን አይቶ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ካልጠየቀ ሕዝቡን ውሸት ያበላዋል» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔ ሐዋሳ ከመጣሁ ጀምሮ ውሸት ሳበላ ነው የኖርኩት።

ሲያልቅ ደጅ ጠብቄ ራሴን አስተዋወቅኩ። አቶ ዳንጊሶ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ቲቸር ነዎት? ለልጄ ብለው እዚህ ድረስ መጡ? ተባረኩ! እኔ አልገባኝም፤ ጎበዝ ነበረች፣ ድንገት ‹ከበደኝ› አለች።»

ለአባቷም አልነገረችም። ማምለጫው ክፍት ነበር፤ «አይዞዎት፣ እኔ እረዳታለሁ» ብዬ ክብሬን ይዤ መሄድ እችል ነበር። ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ግምገማ የሚሉት ስብሰባ ነበር፤ መምህር በመምህር ፊት ተነስቶ ጥፋቱን የሚያወጣበት፣ ሌላውም የሚያወጣበት። በልጅ ቋንቋ መሳለቅ እዚያ ከተነሳ «ትምክህተኛ» ያስብላል። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ሥራውን ይዞ መክረሙን እንጃ። ሰውየው አንድ ማመልከቻ ቢጽፉ አለቀልኝ።

ግን ከአሮጊቷ ቃል ሲቀበሉ ያየሁት ፊት ከፊቴ ነበር። «አልከበዳትም» አልኳቸው። «የከበደኝ እኔን ነው። የጠየቀችኝን አላወቅኩም፤ አላውቅም ላለማለት በአማርኛዋ ሰደብኳት።» ያልኩትን ነገርኳቸው።

እጄን ለቀቁት።

«አንተ» አሉ። ከእርስዎ ወደ አንተ ስወርድ ተሰማኝ፤ ይገባኝ ነበር። «ይህን ለእኔ ብቻ ነገርከኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ?»

«አልነበሩም።»

«ስንት ልጅ ነበር?»

«ስልሳ ሰባት።»

«እኔ ይቅር ብልህ ምን ይረባሃል? ነገር የሚቃናው በጠመመበት ቦታ ነው። ያልከውን ሳትቀንስ፣ ባልክበት ቦታ ተናገር።»

«ሰኞ ትመጣለች?»

«አላውቅም። ላስገድዳት አልችልም። ትምጣም፣ ትቅርም፣ አንተ ተናገር።» ኮፍያቸውን አጠለቁና ሄዱ።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። የአለሚቱ ቦታ ባዶ ነው። ከመናኸሪያ የይርጋለም መኪና የሚነሳው ጠዋት ነው፤ እስካሁን ሄዳለች አልኩ። የፕላዝማዋ መምህርት ብቅ ብላ «እንደምን አደራችሁ» አለች። ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩና አጠፋኋት።

ክፍሉ ደነገጠ። ፕላዝማ በመብራት መጥፋት እንጂ በሰው እጅ ጠፍቶ አያውቅም፤ ያለፈው ትምህርት አይመለስማ። «ቲቸር፣ ያልፈናል!» አለ አንዱ።

«ይለፈን» አልኩ። «ሐሙስ አለሚቱ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አሁንም አላውቀውም። አለማወቄን ለመደበቅ እንዲህ አልኳት።» ያልኩትን ደገምኩት፣ ‹ፈለግኩኝ ነበር›ን፣ ገጠሩን፣ መንገዱን፣ ሁሉንም። ሐሙስ ያሳቀ ነገር ሰኞ እንዴት እንደሚያስጠላ አትጠይቁኝ። ከኋላ ዴስክ አብዝቶ ስቆ የነበረው ልጅ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፋ። «የእሷ አማርኛ ጥፋት የለበትም። የኔ እንግሊዝኛ ነው ጥፋት ያለበት። ከዛሬ ጀምሮ የማላውቀውን አላውቅም እላችኋለሁ፣ አብረን እንፈልጋለን።»

ሰናይት ግን እኔን አታይም፤ መስኮቱን ነው የምታየው። ዞር አልኩ። በመስኮቱ በኩል የአቶ ዳንጊሶ ኮፍያ ይታያል። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ አለሚቱ ለመንገድ የደረበችው ነጠላ ጫፍ።

በሩ ላይ ስደርስ ጀርባቸውን ነው ያየሁት። አባቷ የጉዞ ሻንጣዋን ይዘዋል። ወደ መናኸሪያ የሚያወጣውን በር አልፈው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ታጠፉ። ፎርሙን ሞላች። ወደ እኔ ግን ዞር አላለችም። ደብተሯን በሰናይት መለስኩላት። በሳምንቱ ጠይቃ ወደ ሌላ ሴክሽን ተዛወረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እውነት ነው። በግምገማው ፕላዝማ ማጥፋቴም ያልኩትም ተነሳ። «ትምክህተኛ ነህ» ሲሉኝ «አዎ፣ ያን ዕለት ነበርኩ» አልኩ። ሞዴል መምህርነቱ ቀረ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ በዓመቱ ወደ አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ከሥራ አለመባረሬ ራሱ ይገርመኛል። አቶ ዳንጊሶ ማመልከቻ አልጻፉም።

ክረምቱን የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ገዝቼ ከአንድ ጀመርኩ። ዛሬ ደህና አስተማሪ ነኝ ይሉኛል። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ አስተማሪ ብትሆኑ፣ ሐኪም ብትሆኑ፣ አባት ብትሆኑ፣ የማታውቁትን የጠየቃችሁን ሰው ልብ በሉት። ያን ጊዜ አፋችሁ የሚሮጥበት አንድ የምታውቁት ነገር አለ፤ በእሱ ነው የምትመቱት። እኔ በእናቴ ቋንቋ ነው የመታሁት። አለሚቱ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፣ መጠየቅም መብቴ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ትምህርት በተዘጋ ዕለት ግን ሰናይት ያንኑ ደብተር አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይያዙት ብላለች» አለችኝና ሮጠች። ገለጥኩት። ለአሥራ አምስቱም ጥያቄዎች መልስ ተጽፏል፤ ከየት አፈላልጋ እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ። ከአሥራ አምስተኛው ጎን «‹ባይ› ሥራው የተሠራበትን መንገድ ይናገራል፣ ‹ዊዝ› የተያዘውን ዕቃ» ይላል። ከአሥራ ስድስተኛው ጎን፣ «ቲቸርን ማን ያስጠናዋል?» ከሚለው ጎን፣ በዚያው በእርሳስ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «እኔ።»